ባያሸንፉስ ኖሮ?

ከኋላ ተነስቶ ያሸነፈ ቡድን ታሪክ የማይወድ ወጣት የለም። የሊቨርፑል ደጋፊዎች እ.ኤ.አ. የ2005ን የኢስታንቡል ምሽት እስከ ዛሬ ያወሩታል። በእረፍት ሰዓት በኤሲ ሚላን 3 ለ 0 ይመራ የነበረ ቡድን ከእረፍት መልስ አቻ ሆነ፤ በመለያ ምትም የአውሮፓን ዋንጫ ወሰደ። እንዲህ ያለው ታሪክ ወደ መድረካችንም ይወጣል። ሰባኪው "ገና አላለቀም! ሁለተኛው አጋማሽ አለ!" ሲል አሜን የማይል የለም።

እኔም ዛሬ አንድ እንዲህ ያለ ታሪክ እነግራችኋለሁ። ታሪኩ ሲያልቅ ግን፣ አሜን ከማለታችሁ በፊት፣ አንድ ጥያቄ አብረን እንድንጠይቅ እፈልጋለሁ፤ ባያሸንፉስ ኖሮ?

በሳን አንቶኒዮ የሆነው

ታሪኩ የአሜሪካ ፉትቦል ነው። እኛ ከምናውቀው እግር ኳስ የተለየ ነው፤ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዘው እየሮጡና እየወረወሩ እስከ ተጋጣሚው የሜዳ ጫፍ ለማድረስ ይታገላሉ። ኳሱን እዚያ ማድረስ 6 ነጥብ ያስገኛል፤ ከርቀት በሁለቱ ቋሚዎች መካከል መትቶ ማሳለፍ ደግሞ 3 ነጥብ ነው። ጥቃቱን የሚመራውና ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች ኳርተርባክ ይባላል። ቡድኑ በእርሱ እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኮሌጅ ቡድኖች የውድድር ዘመናቸውን ሲጨርሱ ጥሩ ውጤት ያላቸው "ቦውል" በሚባሉ የመዝጊያ ግጥሚያዎች ላይ ይገናኛሉ። ለብዙዎቹ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ይህ በሕይወታቸው የመጨረሻው ጨዋታ ነው።

እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 2 ቀን 2016 በቴክሳስ ግዛት፣ በሳን አንቶኒዮ ከተማ፣ አላሞዶም በተባለው ስታዲየም ሁለት ቡድኖች ለአላሞ ቦውል ተጋጠሙ። አንዱ የኦሪገን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሌላው የቴክሳስ ክርስቲያን ዩኒቨርሲቲ ነው፤ በአጭሩ ቲሲዩ ይሉታል።

ቲሲዩ ወደ ሜዳ የገባው ጎድሎ ነበር። የመጀመሪያ ተመራጭ ኳርተርባኩ ጨዋታው ሊደረግ ሁለት ቀን ሲቀረው በዲሲፕሊን ጥፋት ታግዷል። በምትኩ የገባው ብራም ኮልሃውዘን የሚባል የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነው። ሌሎች ኮሌጆችን ዞሮ፣ ያለ ስኮላርሺፕ ቡድኑን የተቀላቀለ ተጠባባቂ ነበር። ለቲሲዩ ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ ሲሰለፍ ይህ የመጀመሪያው ጨዋታ ነው፤ የመጨረሻውም እንዲሁ። በዚያ ላይ ልጁ ሐዘንተኛ ነው። አባቱ በካንሰር ታምመው በኖቬምበር ወር ከዚህ ዓለም ተለይተዋል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ለማየት እንኳ የሚያሳዝን ነበር። ኦሪገን እንደፈለገ ነጥብ ያገባል፤ ቲሲዩ አንድም ነጥብ አላገኘም። ለእረፍት ሲወጡ ውጤቱ 31 ለ 0 ነው። በእኛ እግር ኳስ ብትመልሱት አራት ወይም አምስት ለባዶ እንደ ማለት ነው።

ከእረፍት መልስ ግን ነገሩ ተገለበጠ። ቲሲዩ አንድ ባንድ ነጥቡን ሲለቅም ኦሪገን በመደበኛው ሰዓት አንድም ነጥብ መጨመር አቃተው። ሰዓቱ ሊያልቅ 19 ሰከንድ ሲቀረው ቲሲዩ መትቶ ባሳለፈው ኳስ ውጤቱ 31 ለ 31 ሆነ። ወደ ጭማሪ ጨዋታ ገቡ። በጭማሪው እያንዳንዱ ቡድን ተራ በተራ አንዳንድ የማጥቃት ዕድል ያገኛል። በመጀመሪያው ዙር እኩል ሆኑ፤ በሁለተኛውም እኩል። በሦስተኛው ኮልሃውዘን ራሱ ኳሱን ይዞ ሮጦ አገባ። የኦሪገን የመጨረሻ ሙከራ ከሸፈ። 47 ለ 41! ያ ተጠባባቂ በዚያ ምሽት 351 ያርድ የሚያህል ኳስ አቀብሏል። በቦውል ጨዋታዎች ታሪክ በ31 ነጥብ ተመርቶ ያሸነፈ ሌላ ቡድን እስከዚያ ቀን አንድ ብቻ ነበር።

ደስ ይላል፤ ያስጨበጭባልም። አሁን ጥያቄያችንን እናንሳ።

ያው ሥራ፣ ሌላ ውጤት

ሁሉም ነገር እንዳለ ይሁንና አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ። በሦስተኛው ጭማሪ ላይ የኦሪገን ሙከራ አልከሸፈም እንበል። ኳሱ በአንድ ተጫዋች ጣት ላይ ተንጠልጥሎ ገባ፤ ኦሪገን አሸነፈ። ቲሲዩ ከ31 ለ 0 ተነስቶ፣ እስከ መጨረሻው ተናንቆ፣ በመጨረሻ ተሸነፈ።

ይህ ቢሆን ኖሮ የሁለተኛው አጋማሽ ዋጋ ይቀንስ ነበር? የሮጡት ያው ሩጫ ነው፤ የወደቁትም ያው ውድቀት ነው። ተስፋ በሌለበት ሰዓት ከመልበሻ ክፍል ተነስተው የወጡትም እነዚያው ልጆች ናቸው። ከሥራቸው አንዲት ነገር አልተቀየረችም። የተቀየረው ኳሱ ያረፈበት ቦታ ብቻ ነው። ሆኖም ተሸንፈው ቢሆን ኖሮ እኔ ስለ እነርሱ አልጽፍም፤ እናንተም አታነቡም፤ ሰባኪውም በምሳሌነት አያነሳቸውም።

ታዲያ እያከበርን ያለነው ምንድን ነው? ጽናትን ነው ወይስ ውጤትን? "ጽናት ያሸንፋል" ስንል ጽናትን የምንወደው ራሱን ነው ወይስ የሚያመጣልንን ነው?

ቶሎ የሚመጣው መልስ ይታወቃል፦ "የጸና ስለጸና አሸነፈ፤ ሁለቱ አይለያዩም።" በእርግጥ እውነት አለበት። ቲሲዩ በእረፍት ሰዓት እጁን ቢሰጥ ኖሮ ድሉ አይመጣም ነበር። ግን ሌላም እውነት አለ። በሁለተኛው ሩብ ላይ የኦሪገን ኳርተርባክ ቨርነን አዳምስ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ራሱን ተመታና ከጨዋታ ወጣ፤ አልተመለሰም። እርሱ እያለ ቡድኑ እንደ ውኃ ይፈስ ነበር፤ እርሱ ሲወጣ ግን ምንጩ ደረቀ። ያ ባይሆን ኖሮ ቲሲዩ ያሸንፍ ነበር? ማንም አያውቅም። የቲሲዩ ልጆች ጽናታቸውን አምጥተዋል፤ የሌላውን ልጅ ጉዳት ግን እነርሱ አላመጡትም፤ ሊመኩበትም አይችሉም።

የኦሪገን ልጆችስ አልጸኑም? ያለ መሪያቸው ሦስት ጭማሪ ዙር ተጋድለዋል። ጽናት ብቻውን የሚያሸንፍ ቢሆን ሁለት የጸና ቡድን ሲገናኝ ሁለቱም ማሸነፍ ነበረባቸው። ስለዚህ ጽናት ያስፈልጋል፤ ብቻውን ግን ውጤትን አይገዛም። ይህን የሚደብቅ ስብከት ወጣቱን ለጊዜው ያስጨበጭበዋል፤ በኋላ ግን ያሳፍረዋል። የጸናውና የተሸነፈው ልጅ "እንግዲያው አልጸናሁም ማለት ነው" ብሎ ራሱን እንዲከስ ያደርገዋልና።

የአሰልጣኙ ቲሸርት

በዚያ ጨዋታ ላይ ሰዎች እስከ ዛሬ የሚያነሱት አንድ ትንሽ ነገር አለ። የቲሲዩ አሰልጣኝ ጋሪ ፓተርሰን በመጀመሪያው አጋማሽ ጥቁር ሸሚዝ ለብሰው ነበር። በእረፍት ሰዓት ቀየሩትና በቡድኑ ቀለም ሐምራዊ ለብሰው ወጡ። ከዚያ ድሉ መጣ። ሐምራዊው ሸሚዝ ዝነኛ ሆነ።

እንደ ቀልድ ሲነገር ያስቃል። ግን የሰውን ልብ ያሳያል። ውጤት ከታወቀ በኋላ ወደ ኋላ ዞረን ምክንያት እንፈልጋለን፤ ያገኘነውንም ምክንያት እንደ ቁልፍ በኪሳችን እንይዘዋለን። ቡድኑ ቢሸነፍ ኖሮ ሸሚዙን ማን ያስታውሰው ነበር?

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። "ሦስት ቀን ጾምኩ፤ ቪዛው መጣ።" "ያን አገልጋይ እጁን አስጫንኩት፤ ሥራ አገኘሁ።" "ይህን ቃል በበሬ ላይ ለጠፍኩ፤ በሩ ተከፈተ።" መጾም መልካም ነው፤ ጸሎት ሕይወታችን ነው፤ እግዚአብሔርም በእርግጥ ይመልሳል። ነገር ግን ጾሙ ቪዛውን እንዳመጣ አድርገን ከነገርን፣ ጾምን ሐምራዊ ሸሚዝ አደረግነው። ሰሚው ጓደኛችን ደግሞ ሦስት ቀን ጾሞ ቪዛ ሲከለከል፣ "እንግዲያው ሰባት ቀን ይሁን" ይላል። ከሰባት በኋላ ዘይት ይፈልጋል፤ ከዘይት በኋላ ነቢይ ይፈልጋል። በዚህ መንገድ ስንት ወጣት ከአባቱ ጋር መነጋገር ትቶ ቁልፍ ፍለጋ እንደሚዞር እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቃላችሁ።

ጸሎት ከአባት ጋር መነጋገር ነው። ልጅ አባቱን ይለምናል፤ አባቱም ያደርግለታል፤ አንዳንዴም አያደርግለትም። አባትነቱን ግን ባደረገለት ልክ አይመዝነውም።

እግዚአብሔር የማን ደጋፊ ነው?

እዚህ ጋ አንድ ሰው እንዲህ ሊል ይችላል፦ "ድሉን የሰጠው እግዚአብሔር ነው፤ ቡድኑም እኮ በስሙ ክርስቲያን ነው።" በዩኒቨርሲቲ በር ላይ የተጻፈ ስም ተማሪውን ሁሉ አማኝ እንደማያደርግ፣ አማኝ የሆነ ተማሪም በኦሪገን በኩል እንደሚገኝ አትርሱ። የክርስቶስ የሆኑ ልጆች በሁለቱም መስመር ላይ ቆመው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም ጸልየው ሊሆን ይችላል። አንዱ ሲቦርቅ ሌላው ፎጣ ራሱ ላይ ጥሎ ያለቅሳል። ለአንዱ ምስክርነት የሆነው ለሌላው ሐዘን ነው።

ሐዘኑ ደግሞ ሁልጊዜ የጨዋታ ሐዘን ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከአላሞ ቦውል በፊት ከ31 ነጥብ ተነስቶ ያሸነፈው አንድ ቡድን ቴክሳስ ቴክ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2006 መጨረሻ በኢንሳይት ቦውል። ሚኒሶታ 38 ለ 7 እየመራ በጭማሪ ሰዓት 44 ለ 41 ተረታ። በሁለተኛው ቀን የሚኒሶታው አሰልጣኝ ግሌን ሜሰን ከሥራቸው ተሰናበቱ። በአንዱ ከተማ የሚተረከው ድል በሌላው ከተማ የአንድ ቤተሰብ የእንጀራ ጉዳይ ነበር። እኛ ግን "ከኋላ ተነስቶ ያሸነፈው ቡድን" የሚለውን ብቻ እንጂ "ከፊት ሆኖ የወደቀው ሰው" የሚለውን አንተርክም።

ታዲያ አሸናፊ ማመስገን የለበትም? ማመስገን አለበት። ግን በአሜሪካ ፉትቦል ዘንድ የተለመደ አንድ መልካም ልማድ አለ፤ ምስጋናችንን የምንመዝንበት ሚዛን የሚሆነን ይመስለኛል። ብዙ ጊዜ ጨዋታው እንዳለቀ ከሁለቱም ቡድን አማኝ የሆኑ ተጫዋቾች ወደ ሜዳው መሃል ይመጣሉ፤ ማሊያቸው እንደተለያየ ክብ ሠርተው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ተንበርክከው ይጸልያሉ። ያሸነፈውና የተሸነፈው ጎን ለጎን ናቸው።

እስቲ በዚያ ክብ ውስጥ ሁኑ። አሸንፋችኋል፤ የያዛችሁት እጅ የተሸነፈው ልጅ እጅ ነው፤ ይንቀጠቀጣል። አሁን ምን ብላችሁ ታመሰግናላችሁ? "ጌታ ሆይ፣ እኛን ስለመረጥህ" ትላላችሁ? እጁን ይዛችሁ እንዴት ብላችሁ! "ስለጸለይን ሰማኸን" ትላላችሁ? እርሱም እኮ ጸልዮአል። በዚያ ክብ ውስጥ ሊባል የሚችለው ምስጋና ሌላ ነው፤ "ስለ ጉልበት፣ ስለ ጓደኞች፣ ለመነሳት ስለሰጠኸን ልብ፣ ይህን ወንድሜንም ስለሰጠኸኝ አመሰግናለሁ፤ እርሱንም አጽናው።" የተሸነፈውን ወንድማችንን እጅ ይዘን ልንለው የማንችለው ምስጋና፣ ምስጋና መስሎ የተሸፈነ ትምክህት እንዳይሆን መጠርጠር አለብን።

በምስክርነት ሰዓት የተቀመጡት

ይህ ሁሉ ስለ ሩቅ አገር ጨዋታ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም ነበር። ግን ያ ክብ በየኅብረታችን አለ፤ የምስክርነት ሰዓታችን ነው።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ሲወጣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ገደማ ብቻ እንደነበሩ ሁላችንም ሰምተናል። የቀጣዩ ዓመትም ከዚያ የተሻለ አልነበረም። ሠላሳ ተፈታኝ ባለበት ኅብረት በአማካይ አንድ ሰው አለፈ ማለት ነው። ያ አንዱ ልጅ ወይም አንዷ ልጅ እሑድ ከሰዓት ማይክ ይዞ ይቆማል፤ "ጌታ አልተወኝም!" ይላል። እልልታው ይቀልጣል። እውነትም ጌታ አልተወውም።

ሃያ ዘጠኙ ግን ተቀምጠዋል። እነርሱም ጾመዋል፤ እነርሱም ሌሊት አጥንተዋል፤ የኅብረቱ ሽማግሌዎች በእነርሱም ራስ ላይ እጅ ጭነው ጸልየዋል። "ጌታ አልተወኝም" የሚለውን ሲሰሙ በልባቸው የሚሰማው የተገለበጠው ዓረፍተ ነገር ነው። "እንግዲያው እኔን ትቶኛል።" ማንም እንዲህ አላላቸውም፤ ግን ምስክርነቱ የተሠራበት አሠራር ያን ይላቸዋል። ስንወጣ ደግሞ ትከሻቸውን መታ አድርገን "አይዞህ፣ እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም" እንላቸዋለን። ድግሱ በዚህ ዓመት ካልመጣስ? በሚቀጥለውስ ካልመጣ?

የብራም ኮልሃውዘንን ነገር እዚህ ላይ እንደገና አስቡት። በዚያ ምሽት ዓለም ሁሉ ከ31 ለ 0 መነሳቱን አየለት። የአባቱ ሕመም ግን ሁለተኛ አጋማሽ አልነበረውም። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ፣ በአንድ ወጣት ሕይወት ውስጥ፣ አንዱ ነገር ተገለበጠ፤ ሌላው አልተገለበጠም። ያሸነፈ የምንለው ሰው እንኳ ሕይወቱ ሁሉ ድል አይደለም። ማይክ ይዞ "ጌታ አልተወኝም" የሚለው ልጅም ቤቱ ሲገባ የማይገለበጥ የራሱ ነገር ይጠብቀዋል። ስለዚህ በድል ብቻ የሚቆም ምስክርነት ተሸናፊውን ብቻ አይጎዳም፤ አሸናፊውንም ነገ ያለ ቃል ያስቀረዋል።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን ሁለቱን ይናገራል

ደግነቱ የእግዚአብሔር ቃል እንደ እኛ የምስክርነት ሰዓት አልተጻፈም። ዕብራውያን ምዕራፍ 11ን ክፈቱና በዝግታ አንብቡ። ከቁጥር 32 ጀምሮ በእምነት መንግሥታትን ስላሸነፉት፣ የአንበሶችን አፍ ስለዘጉት፣ ከሰይፍ ስላመለጡት ይናገራል። እልል የሚያሰኝ ነው። ቁጥር 35 ላይ ግን በመሃል አንድ መታጠፊያ አለ። ያለ ርእስ ለውጥ፣ ያለ ይቅርታ፣ ወደ ሌሎቹ ይዞራል፤ ስለተገረፉት፣ ስለታሰሩት፣ በድንጋይ ስለተወገሩት፣ በሰይፍ ስለሞቱት። አንዱ በእምነት ከሰይፍ ያመልጣል፤ ሌላው በዚያው እምነት በሰይፍ ይሞታል። ጸሐፊው የመጀመሪያዎቹን "የበረታ እምነት"፣ ሁለተኞቹን "የደከመ እምነት" አላላቸውም። ሁሉም በአንድ መዝገብ ናቸው፤ ሁሉም በእምነታቸው ተመስክሮላቸዋል።

በትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 3 ያሉትን ሦስት ወጣቶችም አስታውሱ። እናንተ የምታውቁት መጨረሻውን ነው፤ አራተኛው ሰው በእሳቱ መካከል ሲመላለስ። እነርሱ ግን በንጉሡ ፊት ሲቆሙ መጨረሻውን አላዩትም ነበር። የተናገሩትም አምላካችን ሊያድነን ይችላል፤ ባያድነንም ግን ለምስልህ አንሰግድም የሚል ሐሳብ ነው። ታላቁ ነገር የተፈጸመው በዚያች ሰዓት ነው፤ እሳቱ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት፣ መልአክ ከመታየቱ በፊት። ያን ቀን ቢቃጠሉ ኖሮ እምነታቸው ከዚያ በአንዲት ጠብታ አያንስም ነበር።

ጳውሎስም ስለ ሥጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለመነ፤ የለመነው አልተወገደለትም፤ ጸጋ ግን ተሰጠው። ጌታችን ራሱ በጌቴሴማኒ ጽዋው እንዲያልፍ ለመነ፤ ጽዋው አላለፈም። የእግዚአብሔር ልጅ የጸለየው ጸሎት በሌላ መንገድ ከተመለሰ፣ የእናንተ ጸሎት በሌላ መንገድ ሲመለስ የተጣላችሁ አይምሰላችሁ።

ታዲያ ለምን እንጫወታለን?

አንዳንዶቻችሁ "ይህ ተስፋ የሚያስቆርጥ ነው፤ ማሸነፋችንን ካላመንን በ31 ለ 0 ማን ይነሳል?" ማለታችሁ አይቀርም። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል።

ተስፋና ትንበያ አንድ አይደሉም። በዚያ እረፍት ሰዓት ትንበያ የሚያውቅ ሰው ቢጠየቅ "አልቋል" ይል ነበር፤ ከታሪክም ማስረጃ ያመጣ ነበር። ስለዚህ ትንበያ ላይ የቆመ ሰው በ31 ለ 0 አይነሳም፤ ወይም "እናሸንፋለን፣ እናሸንፋለን" ብሎ ራሱን ሸንግሎ ይነሳና የመጀመሪያው ሙከራ ሲከሽፍ ይቀመጣል። የሚነሳው ሰው ሌላ ምክንያት አለው። ጎኑ የቆሙ ጓደኞች አሉ፤ ትቷቸው አይሄድም። የለበሰው ማሊያ አለ፤ አያዋርደውም። የተሰጠው ሰዓት አለ፤ አያባክነውም። ማሸነፍ ይፈልጋል፤ በሙሉ ጉልበቱም ለማሸነፍ ይጫወታል። ለመነሳት ግን የማሸነፍ ዋስትና አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት የተነሳ ሰው ቢያሸንፍ አይታበይም፤ ቢሸነፍም አይፈርስም።

ክርስቲያን ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ነገር አለው። "የመጨረሻው ውጤት" የሚለው ቃል ለእኛ ባዶ አይደለም፤ ክርስቶስ ተነስቷል። ግን የትንሣኤን ተስፋ በየጨዋታው ላይ እንደ ዋስትና አንቆራርጠው። ትንሣኤ ፈተና እንደምናልፍ፣ ቪዛ እንደምናገኝ፣ አባታችን ከካንሰር እንደሚነሳ የተሰጠን ቃል አይደለም። ትንሣኤ የሚለን፣ ይህ ሁሉ ባይሆን እንኳ በጌታ የሆነ ድካማችን ከንቱ እንደማይሆን ነው። ሽንፈት ዋጋ የማይሰርዝበት አንድ መዝገብ አለ፤ ያ መዝገብ በእርሱ እጅ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ያ ጨዋታ ስሙን ያገኘው በሳን አንቶኒዮ ከተማ ውስጥ ካለው ከአላሞ ነው። አላሞ ቀድሞ የወንጌል ተልእኮ ቤት ነበር፤ በኋላ ምሽግ ሆነ። እ.ኤ.አ. በማርች 6 ቀን 1836 ከ13 ቀን ከበባ በኋላ ተሰበረ፤ የተከላከሉት ተዋጊዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም አለቁ። የተዋጉለት ዓላማ ምን ያህል የቀና ነበር የሚለው እስከ ዛሬ የታሪክ ሰዎችን ያከራክራል፤ ያን ለእነርሱ እንተወው። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከተማዋ ስታዲየሟንና ጨዋታዋን በሽንፈት ስም ጠራች። ከስድስት ሳምንት በኋላ ቴክሳሶች በሳን ጃሲንቶ አሸነፉ፤ የአላሞ ሰዎች ግን ያን ቀን አላዩትም። ሰዎች እንኳ ሁለተኛ አጋማሽ ያልነበረውን መቆም ማክበር ከቻሉ፣ የተሰቀለውን የምናመልክ እኛ እንዴት አንችልም?

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ስትመሰክሩ መንገዱን ንገሩን። ያለፋችሁትን ብቻ ሳይሆን በ31 ለ 0 ሰዓት ጌታ እንዴት እንደያዛችሁ ንገሩን፤ ያን የተቀመጡትም ይፈልጉታል። ያላለፋችሁ ደግሞ ማይኩን ውሰዱ። "አላለፍኩም፤ አልቅሻለሁ፤ ዛሬም እዚህ ነኝ፤ ጌታም እዚህ ነው" ማለት ምስክርነት ነው፤ ምናልባትም በዚያ ቀን ከሚሰሙት ሁሉ የበለጠ ሰው የሚያነሳ እርሱ ይሆናል። የኅብረት መሪዎች ሆይ፣ ለእርሱም ሰዓት ስጡ፤ ለእርሱም እልል በሉ። "ሳይደግስ አይጣላም" ለማለት ከመቸኮላችሁ በፊትም ከእርሱ ጋር ትንሽ ተቀመጡ።

አሁን በእረፍት ሰዓት ያላችሁ፣ ሰሌዳው ላይ 31 ለ 0 የሚታያችሁ ካላችሁ፣ ታሸንፋላችሁ ብዬ ልዋሻችሁ አልችልም። ልታሸንፉ ትችላላችሁ፤ እንድታሸንፉም እጸልያለሁ። አንድ ነገር ግን በእርግጠኝነት እነግራችኋለሁ። ዛሬ ተነስታችሁ የምትሮጧት የመጀመሪያዋ እርምጃ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን፣ በእርሱ ፊት አትጠፋም። ተነሱ፤ ጓደኞቻችሁ ሜዳ ላይ ናቸው።